ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፦ ስለሚንኳኳ የልብስ ማድረቂያና ስለ ጎረቤት ጆሮ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የምናነበው ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ ጥበቃ መዋጮና ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ነው። እኔ ግን ዛሬ አንድ ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ይዤ ቀርቤአለሁ። ይኸውም የልብስ ማድረቂያ መኪና ጩኸት ነው። «የሚመስል» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይኸው ጩኸት ባለፈው ክረምት ሁለት ቤተሰብ ሊያቆራርጥ፣ አንድ ደህና መኪናም በብረት ዋጋ ለቆራሌው ሊያሸጥ ጥቂት ነበር የቀረው። ከሁለቱ ቤተሰብ አንደኛው የእኔ ስለሆነ የምጽፈው ከወሬ ሳይሆን ከደረሰብኝ ነው።

በእኛ ሰፈር ክረምት ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ከወጨጫ በኩል ተነሥቶ ሰማዩን ይሸፍነዋል፤ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ገና ጠብ ጠብ ማለቱን ሳይተው ዝናቡ ይደርሳል። ልብሱን ሰብስቦ ማስገባት፣ ኮሪደር ላይ መስቀል፣ ማግስቱን እንደገና ማውጣት ነው። በሦስተኛው ቀን ከመድረቁ በፊት መሽተት ይጀምራል። ልጄ ደግሞ ባለፈው ሰኔ መንታ ወለደች። የሁለት ሕፃን ጨርቅ በዝናብ ወራት ማድረቅ ምን ማለት እንደሆነ የወለደ ያውቀዋል። በከሰል ምድጃ ዙሪያ እንዳንሰጣው፣ ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል። በመጨረሻ የልጄ ባለቤት ከአገር ከሚወጡ ሰዎች አንድ ያገለገለ ማድረቂያ ገዝቶ፣ በሁለት ወዛደር አሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ አወጣው።

ሁለት ሳምንት በሰላም ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። የውሃው ፈረቃ የሚደርሰን ሌሊት ስለ ሆነ የምናጥበውም ሌሊት፣ የምናደርቀውም ሌሊት ነው። እኛ ምን አደረግን? መጀመሪያ በሩን ዘጋን። ቀጥሎ የልጄ ባለቤት ጎኑን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገው። ከዚያ በኋላ ለመድነው፤ ሰው የራሱን ቤት ጩኸት ይለምዳል እኮ!

ያልለመዱት የታችኛው ቤት እማማ ናቸው። አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ አገኙኝና «እናንተ ሌሊት ሌሊት ቡና ትወቅጣላችሁ እንዴ?» አሉኝ። ሳቅሁና «ኧረ ማሽን ነው እማማ፣ ይተወዋል» ብዬ አለፍሁ። አልተወውም። ከሳምንት በኋላ ባለቤቴ ቡና ስትጠራቸው ራሴን አሞኛል ብለው ቀሩ። ቀጥሎ ደግሞ አቤቱታቸው በማኅበሩ ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። እውነቱን ልናገርና ተቀየምሁ። አሥራ ሁለት ዓመት በጉርብትና ኖረን፣ በሐዘንም በደስታም አብረን ቆመን፣ ለአንድ መኪና ጩኸት እከሰሳለሁ? አልሁ።

በእልህ ባለሙያ ጠራሁ። ሰውየው ክዳኑን ሳይከፍት፣ አንድ ጊዜ ብቻ አስነሥቶ ሰማና «ዲናሞው አልቋል» ብሎ ከወር ጡረታዬ የሚበልጥ ገንዘብ ጠየቀኝ። እንግዲያስ ይቅርብኝ ብዬ ከቆራሌው ጋር ለቅዳሜ ተቀጣጠርሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ እማማ ወረድሁና፣ ኩርፊያዬም ሳይወጣልኝ፣ «ደስ ይበልዎት፤ ልሸጠው ነው» አልኋቸው።

እርሳቸው ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ሽጥ ማን አለህ ልጄ? ሲጀምር እኮ ነው እንደ ሙቀጫ የሚመታው። ሩብ ሰዓት ያህል ሲቆይ ይለሳለሳል። ሌላው ደግሞ አለ፤ ሳንቲም እንደሚቆጥር ሰው ኳ ኳ የሚለው። እሱ ጊዜ የለውም፣ ባሻው ሰዓት ነው የሚመጣው።»

እኔ በሥራ ዘመኔ የጋራዥ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ቡሎኑንም ኩሽኔታውንም በስሙ አውቀዋለሁ እንጂ ሜካኒክ አይደለሁም። ቢሆንም የእማማን ቃል ስሰማ አንድ ነገር ገባኝ። ዲናሞ ያለቀበት መኪና ሲቆይ ይብስበታል እንጂ አይለሳለስም። ደግሞም ጩኸቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። እኛ ከመኪናው አጠገብ ተቀምጠን ያልሰማነውን እርሳቸው ከወለሉ በታች ሆነው ለይተው ሰምተውታል!

ቆራሌውን በደህና ጊዜ ብዬ መለስሁትና ሶኬቱን ነቅለን ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታን። የሚሽከረከረውን ከበሮ ከሥር ከሚሸከሙት ትንንሽ ጎማዎች አንዱ ጎኑ ጠፍጥፏል። ይህ ነው ሙቀጫው። የማራገቢያው ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ የአንድ ብር ሳንቲምና የሕፃናቱ አንድ መርፌ ቁልፍ ተገኙ። ይህ ነው ሳንቲም ቆጣሪው። ዲናሞው ምንም አልሆነም። ጎማውን ቶርኖ ቤት ወስጄ በልኩ ከቴፍሎን አስቀረጽሁ። የከፈልሁት ገንዘብ ባለሙያው ከጠየቀኝ ውስጥ አሥር አንዱን እንኳ አልሞላም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሚጮኽ መኪና ሕመሙን እየተናገረ ነው፤ አቤት የሚል ጎረቤትም እንዲሁ። አቤቱታ ማለት ያለ ክፍያ የሚደረግ ምርመራ ነው። ሁለቱንም በጊዜ ያዳመጠ ገንዘቡንም ጉርብትናውንም ያተርፋል። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ስለ ልብስ ማድረቂያ ባይሆንም ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁለትም።

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። መኪናው ሲጮኽ ከሁሉ በፊት ልብሱን አውጥታችሁ ባዶውን ለአንድ ደቂቃ አስነሡት። ባዶውን ካልጮኸ ጥፋቱ የልብሱ አጫጫን ወይም ኪስ ውስጥ የቀረ ነገር ነው። አንሶላና ጋቢ እርስ በርሱ ተጠቅልሎ እንደ ኳስ ሲሆን ከበሮውን እየደበደበ ይዞራል፤ ፈትቶ መጫን ይበቃዋል። ባዶውንም ከጮኸ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ እስኪበርድ ጠብቃችሁ፣ ከበሮውን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የት ላይ እንደሚከብድና የት ላይ እንደሚያሽ እጅ ይነግራል። ከዚያ የጩኸቱን ዓይነት ለዩ።

1ኛ/ ሥርዓት የሌለው ኳ ኳ። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ሚስማር ወይም መርፌ ነው። በከበሮው ውስጥ ከሌለ በብናኝ ወንፊቱ ቀዳዳ በኩል ወደ ማራገቢያው ወርዷል። መድኃኒቱ መልቀም ብቻ ነው። ካልተለቀመ ግን የማራገቢያውን ክንፍ ይሰብራል።

2ኛ/ ከዙሩ ጋር እኩል የሚመታ ዱብ ዱብ። ከበሮውን የሚሸከሙት ጎማዎች ጠፍጥፈዋል፣ ወይም ቺንጋው አንድ ቦታ ላይ ተልጧል። መኪናው ለብዙ ጊዜ ሳይሠራ ከቆመ ጎማው በተጫነበት በኩል ይጠፈጠፋል። ሲነሣ ይመታል፣ ሲሞቅ ይለሳለሳል። የእኛ ይህ ነበር። ጎማ ሲለወጥ ሁሉንም አብሮ መለወጥ ይመረጣል።

3ኛ/ ሲጥ ሲጥ የሚል ቀጭን ጩኸት። ቺንጋውን የሚወጥረው ትንሽ ፑሌጃ ወይም የጎማው ዘንግ ደርቋል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የወጥ ቤት ዘይት ጠብ በማድረግ ነው። ኧረ በፍጹም! ዘይት የልብስ ብናኝ ይሰበስባል፣ ብናኝና ዘይት በሙቀት ላይ ሲገናኙ ደግሞ እሳት ነው። ክፍሉን መለወጥ፣ ካልተቻለ ዘንጉን አጽድቶ ሙቀት የሚችል ግራሶ እጅግ ጥቂት መቀባት ነው።

4ኛ/ ክርርር የሚል ብረት ለብረት። ከበሮው ከፊትና ከኋላ የሚንሸራተትበት ጥቅጥቅ ያለ የሱፍ ጨርቅ አልቆ ብረቱ ብረቱን እየፋቀ ነው። ይህ አንድ ቀን አይታደርበትም። ልብስ በክፍተቱ ገብቶ ይቀደዳል፣ ከበሮውም ይበላል። መኪናው ያን ጊዜ በእውነት ለቆራሌው ይሆናል።

5ኛ/ ድርርር የሚል መንቀጥቀጥ። አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ሳይሆን ከአቋቋሙ ነው። ግድግዳ ነክቶ ይሆናል፣ አንድ ቪቲ ላልቶ ይሆናል፣ ወይም አራቱ እግሮች እኩል አልቆሙም። ላዩ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ እግሮቹን በማዞር አስተካክሉ። ውሃ ልክ ከሌላችሁ አንድ ሰሃን ውሃ ላዩ ላይ አስቀምጡና ውሃው ወደየት እንደሚያዘነብል ተመልከቱ። ከሥሩ ወፍራም ጎማ ማንጠፍ ለታች ቤት ትልቅ ምሕረት ነው። በእኛ ሕንፃዎች ውስጥ ላይ ቤት የተነቀነቀው ሁሉ ታች ይሰማል።

6ኛ/ ሳይዞር እምምም ማለት። ወዲያውኑ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ትንሽ ከቆየ ዲናሞው ይቃጠላል። ወይ አንድ ነገር ይዞታል፣ ወይ የዲናሞው ማስነሻ ካፓሲተር ደክሟል። ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ እጃችሁን እንዳታስገቡ። ባለሙያ የሚጠራው እዚህ ላይ ነው። የተቃጠለ ሽታ፣ የሚነዝር አካል ወይም የጠቆረ ሽቦ ካያችሁም እንደዚሁ።

ባለሙያ ስትጠሩም «ይጮኻል» ብቻ አትበሉት። መቼ እንደሚጮኽ፣ ባዶውን ይሁን በልብስ፣ ሲጀምር ይሁን ሲቆይ ንገሩት። ደህና ባለሙያ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ክዳን ሳይከፍት ዋጋ የሚቆርጠውን ደግሞ በትሕትና ማሰናበት መብታችን ነው።

ስለ ብናኙ ከላይ ያነሣሁትን ላጠንክረው። ወንፊቱ ካደረቃችሁ ቁጥር፣ በየጊዜው ሁሉ፣ መጽዳት አለበት። በአሜሪካ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 በነበሩት ዓመታት በዚያ አገር በልብስ ማድረቂያ ምክንያት በየዓመቱ 2,900 ያህል የቤት ቃጠሎ ደርሷል፤ ከመነሻዎቹም ዋነኛው አለማጽዳት ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ደግሞ በለንደን ከተማ ሸፐርድስ ቡሽ በተባለ ሰፈር በአንድ ባለ 18 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የአንድ ቤት ማድረቂያ ተቃጥሎ እሳቱ ወደ ላይኞቹ ፎቆች ተዛመተ። ሰው ባይሞትበትም ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ለቅቆ ወጥቷል። ያ ማድረቂያ የአንድ ሰው ንብረት ነበር፤ እሳቱ ግን የሁሉም ሆነ። በጋራ ሕንፃ ለምንኖር ሰዎች ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም። ስለዚህ ማድረቂያ አስነሥቶ መተኛት ወይም ከቤት መውጣት መቅረት አለበት። ማድረቂያና የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ ማሠራትም እንዲሁ። ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ፣ ማድረቂያው 2 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ሽቦው ሁለቱን አይችልም።

ዘመድ ከአሜሪካ ለሚልክላቸው ወገኖችም አንድ ቃል አለኝ። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ ማድረቂያ ማሞቂያው በ240 ቮልት፣ ዲናሞው ግን ብዙውን ጊዜ በ120 ቮልት፣ ሁለቱም በ60 ኸርዝ እንዲሠሩ የተሰናዱ ናቸው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ስለዚህ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ዲናሞ እዚህ ሲሠራ ከፍጥነቱ ስድስት አንዱን ያህል ያጣል፣ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። ይህ ጉርምርምታ በጎማም በግራሶም አይድንም። ከመላኩ በፊት ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አስነብቡ።

አንዳንዱ አንባቢ «ማድረቂያ ያለው በስንት አንዱ ነው?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የበጋ ፀሐያችንን የሚያህል ማድረቂያ የለም፣ ወጪም የለውም። እኔም ከመስከረም በኋላ ሶኬቱን ነቅዬዋለሁ። ነገር ግን ማጠቢያ መኪና ያለው ብዙ ነው፤ ጠባዩም አንድ ነው። ባለ ሁለት ጉድጓዱ ማጠቢያ በመጭመቂያው በኩል ሲዘል ብዙ ጊዜ ልብሱ ወደ አንድ ወገን ስለተከመረ ነው፤ አቁሞ ዙሪያውን እኩል ማድረግ ይበቃል። በፊት በኩል የሚከፈተው አዲስ መኪና ገና በመጀመሪያው ቀን ቤት ለቤት ከሄደ ደግሞ ከጀርባው ያሉት የመጓጓዣ ቡሎኖች ሳይወጡ ቀርተው ይሆናል። እነዚያ ቡሎኖች በመንገድ ላይ ከበሮውን አጥብቀው እንዲይዙ የገቡ ናቸው፤ ካልወጡ መኪናውን ይሰብሩታል። ሲጨምቅ እንደ አውሮፕላን እያገሳ የሚሄድ ከሆነ ግን ኩሽኔታው እያለቀ ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ በየቤታችን የሚገባው የኤሌክትሪክ ዕቃም እየበዛ እንጂ እያነሰ አይሄድም። እንግዲህ ከአሁኑ ሥርዓት ብናበጅለት ይሻላል።

በበኩሌ ለማኅበሩ ሦስት አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሰዓት ስምምነት እናድርግ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማድረቂያም ሆነ መጭመቂያ አይነሣ። ውሃው ሌሊት ለሚደርሰው ማጠቡ ይፈቀድ፤ ወይም ውሃውን በበርሜል ይዞ ቀን ይጠብ፤ መጭመቁና ማድረቁ ግን ይንጋለት። ሕፃንና ሕመምተኛ ላለበት ቤት ጎረቤት ጠይቆ መስማማት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ የጋራ የመሣሪያ ሣጥን ይኑረን። ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ የተለያየ ቁጥር ቁልፍ፣ አንድ ውሃ ልክና አንድ ቴስተር ይበቃል። በጥበቃ ቤት በመዝገብ እየተፈረመ ይወጣል፣ ይመለሳል። እያንዳንዳችን ብንገዛ ብዙ ነው፤ በጋራ ስንገዛ ግን ለአንድ ቤት የሚደርሰው የሁለት ስኒ ቡና ዋጋ ቢሆን ነው።

ሦስተኛ፣ አቤቱታ ከወረቀት በፊት በበር ይምጣ። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበር እንድናቋቁም ያደረገው የጋራችን የሆነውን በጋራ እንድናስተዳድር ነው እንጂ ኮሚቴውን የኩርፊያ ዳኛ ለማድረግ አይደለም። አቤት ባዩ የሰማውን በዝርዝር ይንገር፤ አቤት የተባለበትም እንደ እኔ ስቆ አይለፍ። በዚህ ጉዳይ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእማማ አልነበረም፤ ይህንንም በዚሁ ሰሌዳ ላይ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ደረጃ ላይ ሲነግሩኝ ቆሜ «እንዴት ያለ ድምፅ ነው እማማ?» ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ የአንድ ወር ኩርፊያ ባልመጣም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚጮኽ መኪና ያለበት ቢጠራኝ ካቻቢቴዬን ይዤ እመጣለሁ። ሜካኒክ አይደለሁም፤ ማዳመጥ ግን ተምሬአለሁ። ከእኔ የበለጠ የሚሰማ ጆሮ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ የታችኛው ቤት እማማ አሉ። ባለፈው ሳምንት ለብርድ ልብስ ብለን መኪናውን ብናስነሣው ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ከሥር በመጥረጊያ እንጨት ኳ አደረጉ። ወረድሁ። «ሳንቲም ገብቶበታል» አሉኝ። ከፍተን አየን፤ ሃምሳ ሳንቲም ነበር።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ